የአዳዳ በግና የእህቴ ሣጥን

ከቤታችን ልጆች ሁሉ ወሬኛዋ እህቴ ናት። ቁርስ ላይ የጀመረችው ወሬ እራት ላይ ካላለቀ ነገ ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ግን ስለ ዝም ማሰኘት ነው። የምሬን ነው! በእንስሳትም በሰውም ሴል ውስጥ ጥቃቅን አር ኤን ኤ የሚባሉ አሉ። ጂን "ይሄን ሥሩ" ብሎ የላከውን መልእክት መንገድ ላይ ይይዙና "ተው፣ አሁን አይደለም" ይሉታል። አጥቢ እንስሳት እንቁላል መጣል ትተው ልጃቸውን በማህፀን መያዝ ከጀመሩ ወዲህ፣ እነዚህ ጸጥ አሰኚዎች እንግዴ ልጅ ውስጥ በርክተዋል። ጽንሱ ግማሹ የአባቱ ነውና፣ የእናትየው ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያባርረው ከሚያግባቡት መሀል እነሱም አሉበት። አንዳንዶቹ አይጥም ሰውም ጋ የሚገኙ የጥንት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አንዱ ወገን ኋላ ላይ ለብቻው ያፈራቸው። የእህቴ ጥያቄ "የበግ ብቻ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?" የሚል ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው።

ያን ክረምት አንድ ናሙና ጎደላት፤ የደጋ በግ። አማካሪዋ "ይህ ሳምንት ካለፈ ላብራቶሪው ለሌላ ሥራ ይያዛል፣ ምርቃትሽም ለከርሞ ነው" ብሏታል። ጎጆ የምትባል የደጋ ከተማ የምትኖረው የአባታችን እህት፣ አዳዳ የምንላት፣ "በጌ ለመውለድ ደርሳለች" ብላ ስትደውል እህቴ በደስታ ጮኸች። በማግስቱ ከአምቦ በሚነሳ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። በረዶ የሞላው ትልቅ ሣጥን ጊንጪ ድረስ እሷ ጭን ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ግን እኔ ጭን ላይ ሲዘልል ነው የዋለው።

ስንደርስ በጓ ገና መውለዷ ነበር። ግልገሉ ርጥብ ነው፣ እግሮቹ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። ብዙም ሳይቆይ እንግዴ ልጁ ወረደ። እህቴ ጓንቷን አጥልቃ ሣጥኑን ከፈተች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች አዳዳ።

"እንግዴ ልጁን ልወስድ ነዋ!"

"በጓን ላያት ነው አላልሽም?"

በአዳዳ ቤት እንግዴ ልጅ ውሻ ሳይደርስበት ከበረቱ ጀርባ ይቀበራል። ከግቢ ከወጣ የእናቲቱ ጡት ይደርቃል ይባላል። አዳዳ ደግሞ ያለቻት እናት በግ ይቺው አንዷ ነች።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጨረሻሽ የበግ እንግዴ ልጅ ልመና ሆነ?"

"ልመና አይደለም አዳዳ፣ ምርምር ነው።"

"ልመናማ ቢሆን፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሰጥሽ ነበር። ድንች ውሰጂ። ሣጥንሽ ብዙ ይይዛል።"

እህቴ ዝግመተ ለውጥን ከሥሩ ማስረዳት ጀመረች። በግና አይጥ የት ላይ እንደተለያዩ ስትደርስ የአዳዳ ጎረቤት አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ "ስብከት ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀች። አዳዳ ክንዷን አጣምራ ቆማለች። አር ኤን ኤ ደግሞ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው፤ እህቴ ሰዓቷን አየች፣ እንግዴ ልጁን አየች፣ ከዚያ ዝም አለች። እሷ! ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።

ላጽናናት ብዬ፣ "ስንት ያህል ነው የሚበቃሽ?" አልኳት።

"የባቄላ ፍሬ ያህል።"

አዳዳ ክንዷን ፈታች። "የምን ያህል?"

"የባቄላ ፍሬ..."

"ታዲያ ይሄ የሙሽራ ሻንጣ የሚያህል ሣጥን ምን ሊሠራ መጣ?"

"አብዛኛው በረዶ ነው።"

"እኔ እኮ ሙሉውን ጭነሽ ልትሄጂ መስሎኝ ደሜ ፈላ! አፍ የለሽም?" አፍ እንዳላት እኔ ልመሰክርላት እችል ነበር። አዳዳ ግን አሰበችና ፈረደች፤ "ግልገሉ መጀመሪያ ይጥባ። ከጠባ ትቆርጫለሽ። ካልጠባ እንደ አመጣጥሽ ትመለሻለሽ።"

ሦስታችንም ጭቃው ላይ ተንበረከክን። ግልገሉ የእናቱን ጉልበት ሞከረ። የአዳዳን ቀሚስ ሞከረ። የእህቴን ጓንት ትንሽ ላሰና አልጣመውም። እህቴ ለፈተና እንኳ ያልጸለየችውን ያህል ስትጸልይ ይሰማኛል። አዳዳ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነክሳ ቂጡን ገፋ አደረገችው። እሱም ራሱን አስገባ፣ ፈለገ፣ አገኘ። ጭራው መርገብገብ ጀመረ።

"በይ ቁረጪ!" አለች አዳዳ።

እህቴ ቆረጠች፤ ቁራጯ የባቄላ ፍሬ እንኳ አታህልም። አዳዳ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ተኮማተረ።

"ውይ፣ ይቺን ብቻ? ጨምሪበት እንጂ! ከአምቦ ድረስ መጥተሽ ሰው ምን ይለኛል?"