ለአባቷ ስትል የጠየቀችው ፈቃድ

ሶልቬይ ኤክሉንድ ሱንድስቫል ከተማ የምትኖር የሃምሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ ቧንቧ ፈንድቶ ቤታቸው በውሃ የተበላሸባቸውን ሰዎች ተቀጥራ ከምትሠራበት የኢንሹራንስ ድርጅት ሆና በስልክ ማነጋገር ነው። የኮሮና ወረርሽኝ የገባ ጊዜ ኮምፒውተሯን ከቢሮ በካርቶን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ቀስ በቀስ ወደ ቢሮ ሲመለሱ እሷ እዚያው እየሠራች ቀረች። በዚያው ዓመት እናቷ ስለሞቱ አባቷን፣ ሽማግሌውን ቱሬን፣ ከገጠር አምጥታ አብረዋት እንዲኖሩ አድርጋ ነበር።

በመስከረም ወር አለቃዋ ሊኔያ ደወለች። በዕድሜ ልጇ ብትሆን ነው።

«ሶልቬይ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሁሉም ሰው በሳምንት አራት ቀን ቢሮ ይገባል። አንቺም ጭምር።»

«አባቴንስ ለማን ልተዋቸው? ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው እኮ ነው!»

«እንግዲያው ከማዘጋጃ ቤት ወረቀት አምጪ። ሰው ያስፈልጋቸዋል ካለ ቤት ሆነሽ የምትሠሪበትን ፈቃድ እኔ እፈርምልሻለሁ።»

ማዘጋጃ ቤቱ የአረጋውያንን ጉዳይ የሚያጣራ ኢቫር የሚባል ወፍራም ሰው ላከ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱ ወጥ ቤት ተቀመጡ።

«አባባ፣ ልጅዎ ቢሮ ብትውል ብቻዎን ይከብድዎታል?»

ሽማግሌው ልጃቸውን አየት አደረጉ። ከዚያ «እውነቱን ልናገር?» አሉ።

«ለሱ አይደል የመጣሁት።»

«የከበደኝስ ቤት መዋሏ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ በካልሲ ነው የምራመደው። ስልክ ላይ ስትሆን ቧንቧ አልከፍትም። ሳል ሲመጣብኝ ማገዶ ቤት ገብቼ ነው የምስለው፤ በረዶ ቢጥልም።»

ሶልቬይ ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ለኔ ብለሽ እንደተቀመጥሽ ለሰው ሁሉ ስታወሪ እሰማለሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ኢቫር ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈ። ወረቀቱ በሳምንቱ መጣ፤ ሽማግሌው ሰው አያስፈልጋቸውም ይላል።

ሶልቬይ ሁለት ቀን አባቷን አላናገረቻቸውም። የተናደደችው ግን በሳቸው ብቻ አልነበረም። ሰው መሀል መቀመጥ ካስጠላት ቆይቷል፤ አባቷም ጥሩ ሰበብ ሆነውላት ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንች እየላጠች «ለእርስዎ ብዬ ብቻ አልነበረም» አለቻቸው።

«አውቃለሁ። ልጣጩን አታወፍሪው፤ ድንቹ አብሮት ሄዶ አለቀ።»

በጥቅምት ቢሮ ገባች። የመጀመሪያው ሳምንት አልሆነላትም። የድሮ ጠረጴዛዋ የለም፤ ሰው ባገኘበት ይቀመጣል። ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ካሮት ሲቆረጥም ደንበኞቿ ሳይቀሩ በስልክ ይሰሙታል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አባቷ ጋ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ አያነሱም። ሥራዋን ትታ እያለከለከች ቤት ስትደርስ የሉም። ጥቂት ቆይተው ከጎረቤት መጡ።

«የት ጠፍተው ነው? ልቤን አቆሙት እኮ!»

«ካርታ እየተጫወትኩ ነዋ። አንቺስ ሥራ የለሽም?»

ኅዳር ሲገባ በምሳ ሰዓት መደወሉን ተወች። በረዶው ሲቀልጥ የካሮት በላተኛውን ስም አውቃ አብራው ምሳ መብላት ጀምራ ነበር። ቤት ሆና የምትሠራበት ቀን ዓርብ ሆነ። በዚያ ቀን ቱሬ የጠዋት ሁለት ሰዓቱን አውቶቡስ ይዘው መሀል ከተማ ይወርዳሉ፤ የሚመለሱትም እሷ ኮምፒውተሩን ከዘጋች በኋላ ነው።