ኩርባው ከመድረሱ በፊት

ባሂራ ሙስተፋን የማያውቅ የቡታጅራ ባጃጅ ነጂ ካለ፣ ለከተማው እንግዳ ነው። ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ከልባሽ ተራ የተገዛ ባለጎማ መንሸራተቻ ጫማ አጥልቃ፣ ሂጃቧን ከሄልሜቷ ሥር ሸጉጣ በእንሴኖ መንገድ ስትከንፍ ያያት ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቃል። መልሱ ነው የሚያስገርመው። በዚያው መንገድ በርበሬ ጭኖ ሃያ ዓመት የተመላለሰው የአይሱዙ ሹፌር፣ የሙስተፋ ልጅ ናት።

ሙስተፋ ቁጥብ ሰው ነው። ጎረቤቱ "ሴት ልጅ አስፋልት ላይ!" እያለ ሲያጉረመርም አልተከራከረም። ይልቅስ ከጋራዥ ኩሽኔታ ያመጣና ግራሶ ቀብቶ ጎማዎቿን ያድስላታል። ለዚህ ሁሉ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ኩርባ በፊት በግራ ትከሻዋ ዞር ብላ፣ ከኋላ መኪና አለመምጣቱን እንድታይ ወላሂ አስብሎ ቃል አስገባት። ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። እሷ ሳትወለድ አንድ ብስክሌተኛ ወጣት ኩርባ ላይ በሙስተፋ መኪና ተገጭቶ ሞቷል። ልጁ ዞር ብሎ ቢያይ ኖሮ ይተርፍ እንደነበር ባሂራ ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው ነገር ነው።

ቃሏን ጠበቀች። ወልቂጤ ላይ ስትወዳደርም፣ አዲስ አበባ ላይ አንደኛ ስትወጣም ዞር ትል ነበር። እግሯ ፈጣን ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ፍጥነቷን እንደሚቀንስባት እሷም ራሷ አላወቀችም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከሩቅ አገር ጥሪ መጣላት። እንደሷ በጎማ የሚሽቀዳደሙ ልጆችን ሰብስቦ በበረዶ ላይ የሚያሠለጥን አንድ ማዕከል ነበር የጠራት። ባሂራ እስከዚያ ቀን የምታውቀው በረዶ ከሰማይ ወርዶ የበርበሬ ችግኝ የሚያወድመውን ነው። እዚያ ግን እንደ መስታወት ተነጥፎ አገኘችው፤ የሚሄዱበትም በጎማ ሳይሆን ከጫማ ሥር በተገጠመ ስለት ነው። ሥልጠናው ሁለት ወር ነበር። በመጨረሻው ፈተና አምስት መቶ ሜትሩን ከአርባ አምስት ሰከንድ በታች የጨረሰ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፤ ያልጨረሰ ሻንጣውን ይሸክፋል።

አንድ ሳምንት ሲቀር ሰዓቷ አርባ አምስት ከግማሽ ላይ ተቸክሎ ቀረ። አሠልጣኟ በቪዲዮ ቀርጻ አስቀመጠቻትና ኩርባዎቹን ብቻ እየመረጠች አሳየቻት። እያንዳንዱ ኩርባ አፍ ላይ የባሂራ አንገት ወደ ግራ ይዞራል፣ ትከሻዋ ይከፈታል፣ ስለቱ ይንሸራተታል። አሠልጣኟ ዞር እያለች ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ባሂራ ፊቷ ቀላ፤ ዋሽታም ማምለጥ አልቻለችም። አይሱዙ እየፈለገች መሆኗን ተናገረች።

አሠልጣኟ ሳቀች፤ እሷም አብራ ሳቀች። ሳቁ ግን ሰዓቱን አላሻሻለውም። ሦስት ቀን አንገቷን ልትገታ ሞከረች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ሆነባት፤ ከኩርባው በፊት አንገቷ በራሱ ይዞራል። ልማዱ ብቻ ቢሆን በተሻላት ነበር፤ መሐላው ነበር የያዛት። ቃል የእምነት ዕዳ ነው። አባቷን ሳታስፈቅድ ብትተወው፣ ብታሸንፍም ደስ አይላትም ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለች። ሙስተፋ እንሴኖ በርበሬ እያስጫነ ነበር። ሰላምታውን ከጨረሱ በኋላ ነገሩን ሁሉ ዘርዝራ ነገረችውና ከቃሏ እንዲፈታት ለመነችው።

"መኪና የለም እዚያ?" አላት።

"የለም፣ አባ።"

የጫኞቹ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ሰማች፤ ከመኪናው ፈቀቅ ማለቱ ነበር።

"ያ ብስክሌተኛ ልጅ ዞር ብሎ ነበር" አለ። "አይቶኛል። እጁንም አንስቷል። እኔ ነኝ ያላየሁት፤ አንገቴን ደፍቼ የወደቀ ካሴት እያነሳሁ ነበር። ለእናቱም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ላንቺም ዋሽቻለሁ።"

ባሂራ አለቀሰች፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግን አላወቀችም።

"ፈትቼሻለሁ" አላት። "ፊትሽን እያየሽ ሂጂ። እናቱ በሕይወት አሉ። ነገ ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ።"

የፈተናው ቀን የማስጀመሪያው ተኩስ ሲሰማ ወጣች። የመጀመሪያው ኩርባ አፍ ላይ አንገቷ ሊዞር ሲል ጥርሷን ነከሰች። ትከሻዋ አልተከፈተም፤ ስለቱም ያዘላት። ሁለተኛውን ስትገባ መንገዱም፣ አይሱዙውም ትዝ አላሏትም። አርባ አራት ከዘጠና ሁለት ገባች።

አሠልጣኟ እጇን እያወዛወዘች ስትሮጥ ባሂራ ገና እየተንሸራተተች ነበር። ፍጥነቷ እስኪበርድ ጠበቀችና በግራ ትከሻዋ ቀስ ብላ ዞር አለች። ከኋላዋ ባዶው በረዶ ብቻ ነበር። ስሙን እንኳ ማንም ነግሯት ለማያውቀው ብስክሌተኛ፣ አባቷ በምላሹ ያላነሳለትን እጅ አነሳችለት።