አውራ ጣቴ ሥር ያለችው አጥንት

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ቡራዩን ባናወጠበት ሰሞን ነው የያዙኝ። የሚሸሹ ተማሪዎች በልብስ ስፌት ሱቄ አልፈው በጓሮ በር አመለጡ፤ ወዴት እንደሄዱ አልናገርም አልኩ። ሰበታ እስር ቤት ደርሰን ከፒክአፑ ገፍትረው ሲያወርዱኝ በቀኝ መዳፌ ተደግፌ ወደቅኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከበሩ ግድግዳው፣ ከግድግዳው በሩ እመላለሳለሁ። የእጄን አንጓ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ፣ አዞራለሁ። መቀስ የምይዝበት እጅ ነው፤ መሥራቱን ካላየሁ አላርፍም።

«ወለምታ ነው፤ ነይ ላሽልሽ» አሉኝ ከተጂ የመጡ አንዲት ገበሬ፣ ሁላችንም በኦሮምኛ በአክብሮት አዴ የምንላቸው።

«አይንኩት፣ አዴ» አለች ከጥጉ አንዲት ወጣት። ነርስ ናት፤ ቁስለኛ በማከሟ ነው የታሰረችው። እጄን ይዛ አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ጫን አደረገችው። ጮህኩ።

«እዚህ ትንሽ አጥንት አለች። ደም የሚገባላት በጣቶቹ በኩል ነው። ከተሰነጠቀች ወደ ክንድሽ ያለው ግማሽ ደም ያጣል፤ ቀስ እያለ ይሞታል።»

«አጥንትም ይሞታል?»

«ይሞታል። በተለይ እንዲህ ካወዛወዝሽው። እባክሽ ተቀመጪ።»

አዴ ሻሻቸውን ቀደዱ። ነርሷ ከስንቅ ካርቶን ቆርጣ አንጓዬንና አውራ ጣቴን አሰረችልኝ። ዝም ብሎ መቀመጡ ከሕመሙ ባሰብኝ፤ እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጠዋት ለቆጠራ አወጡን። «እጅ ጭንቅላት ላይ!» አለ ዘበኛው። ግራዬን ብቻ አነሳሁ።

«ሁለቱንም! ምንድን ነው እሱ? ፍቺው!»

«ተሰብሯል። አልፈታውም።»

ቋጠሮውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ክንዴን ደረቴ ላይ አድርጌ ዓይን ዓይኑን አየሁት። አዴ ከጎኔ ሁለቱንም እጃቸውን አወረዱና በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ የታመመ እጅ ምን ያደርግልሃል?» አሉት። አጉረምርሞ ወደሚቀጥለዋ አለፈ።

ከተፈታሁ በኋላ ራጅ ስነሳ የአጥንቷ ግማሽ ደም አጥቶ ነበር። ሐኪሙ ከዳሌዬ አጥንት ወስዶ ተከለባት። «ያኔ ባይደገፍ ኖሮ ሙሉዋን ታጪያት ነበር» አለኝ።

ዛሬ አንጓዬ ወደ ኋላ አይታጠፍም፤ ሥራዬን ግን እሠራለሁ። ነርሷ እኔ ስወጣ እዚያው ነበረች። አጠያይቄ አላገኘኋትም። መንገድ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቷን ሳላይ አላልፍም።