በፍሳሽ ቦቴ ከአርባ ምንጭ እስከ ጂንካ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አርባ ምንጭ

ሦስት ሆነን ተነሣን። እኔ፣ ሾፌሩ ጋሽ ደምሴ፣ እና ስንት ደጅ ጠንቼ በውሰት ያገኘኋት የፍሳሽ ቦቴ። ቦቴዋ የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ በወፍራም ቱቦ መጥጣ የምትወስድ አሮጌ መኪና ናት። ባዶ ናት ብለው አስረክበውኛል። አፍንጫዬ ግን አልተስማማም።

ሰው ወደ ደቡብ ኦሞ የሚሄደው ላንድክሩዘር ውስጥ ተንፈላሶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው። ስለዚያ ጉዞ የጻፈ ሞልቷል። እኔ ካሜራም የለኝ፤ መስኮቱም አይዘጋም። ጋሽ ደምሴ መኪናዋን «እማማ» ይሏታል። ዳገት ላይ ስታቃስት ዳሽቦርዱን ቸብ ቸብ አድርገው፣ «አይዞሽ እማማ፣ ደርሰናል» ይላሉ። ገና ከከተማው አልወጣንም።

እኔ ጂንካ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ አስተማሪ ነኝ። ከሐመር፣ ከበና፣ ከዳሰነች የመጡ ልጃገረዶች እያደሩ የሚማሩበትን ቤት አስተዳድራለሁ። የቤቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ የተቆፈረው ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ለጥቂት ልጆች ተብሎ ነው። ልጆቹ በዙ፣ ጉድጓዱ እዚያው ነው። ችላ ተብሏል ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። በየጊዜው ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ይመጡና ክዳኑን ከፍተው፣ ፎቶ አንሥተው፣ «እርጅና ይታይበታል» ብለው ይሄዳሉ። የኛን ጉድጓድ ያህል የተጠና ጉድጓድ በአገሩ የለም። ተመጦ ግን አያውቅም።

ነገ ዓርብ ደግሞ ሌላ የጥናት ቡድን ይመጣብናል። ይህኛው ይለያል። ያረጁ የውሃና የፍሳሽ ግንባታዎችን እየዞረ ያያል፤ ለጤና የሚያሰጋ ሆኖ ያገኘውን ቤት እዚያው ያዘጋል። አዳሪ ቤቱ ከተዘጋ ልጆቹ ይበተናሉ። ስለዚህ እማማ ዛሬ ማምሻውን ጂንካ ገብታ፣ ነገ ቡድኑ ሳይደርስ ጉድጓዱን መምጠጥ አለባት። ያለችኝ ቀን ይህችው ናት።

ረፋድ፣ ኮንሶ

መንገዱ ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው እንግዳ ተቀባዩ ነው። ቁርስ ለመብላት የቆምንበት ሆቴል ዘበኛ መኪናዋን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሩቅ መለሰን። ከከተማው መውጫ አቁመን በእግር ተመለስን። ፍርፍር በልተን፣ ሻይ ጠጥተን ስንነሣ የሆቴሉ ባለቤት ተከትሎኝ ወጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። የሱም ጓሮ ጉድጓድ እንደሞላ፣ ሰው ሳያይ ሹልክ ብለን ብንመጥለት ውለታችንን እንደማይረሳ ነገረኝ። ዘበኛውን ያቆመው እሱ ራሱ ነው እኮ።

በዚህ መንገድ ላይ የታዘብኩት ይኼንን ነው። መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሹናል፤ ቀጥለው ዞረው ወደ ጆሮዬ ይመጣሉ። ሁሉም ጓሮው ሞልቶበታል፤ ማንም ግን ሞልቶብኛል አይልም። አልቻልንም፣ ልጆች እየጠበቁን ነው አልኩት። ተቀየመኝ።

እኩለ ቀን፣ ወይጦ

ሙቀቱ አናት ይበሳል። እማማ ራዲያተሯ ፈልቶ ዛፍ ሥር ቆመናል። ጋሽ ደምሴ ውሃ ይጨምሩላታል፤ እኔ ማንጎ እየላጥኩ ነው። የማንጎ ሻጮቹ ሴቶች መኪናዋን አይተው ለኔ ብቻ ቅናሽ አደረጉልኝ፣ ቶሎ ገዝቼ እንድሄድላቸው።

እዚህ ነው ስልክ የመጣው። በምግብ አብሳይዋ ስልክ የደወለችው አይኬ ናት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ። አባቷ ሐመር ነው፤ ልጁን እንዲሰጠኝ ለማግባባት ዲመካ ድረስ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሲሰጠኝም የነገረኝ ነገር አለ። ትምህርቱ ተቋርጦ አንድ ቀን ወደ ቤት ከተመለሰች ለባል ይሰጣታል። የጥሎሹ ከብት ንግግር አልቋል። ሰውየው ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ ለኔም የገባውን ቃል አላጠፈም።

«ቲቸር፣ ጉድጓዱ ገንፍሏል» አለችኝ። «ሽንት ቤት በር ጋ ደርሷል። ሻንጣ አዘጋጁ አሉን።»

ማን እንዳለ ጠየቅኳት። ከቢሮ የመጣ ሰው ነው አለች። ቡድኑ ነገ ይዘጋዋል ብለው ከወዲሁ ሻንጣ እያሸከሟቸው ነው። ማዘጋጀት ላይ እንደኛ ቢሮ ፈጣን የለም።

«ቤት ከሄድኩ አልመለስም» አለች።

ማንጎው ከእጄ ወደቀ። ዛሬ እገባለሁ፣ ሻንጣሽን ፍቺው አልኳት። ጋሽ ደምሴ ሰምተው ኖሮ የራዲያተሩን ክዳን ጥምም አድርገው ዘጉና ሞተር አስነሡ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቀይ አፈር

ዳገቱን ወጥተን ስንገባ ገበያው ደርቷል። በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩ ማሩንና ቅቤውን ይዞ፣ ፍየሉን እየነዳ መንገዱን ሞልቶታል። እማማን ሲያዩ ፍየሎቹ ሳይቀሩ ዳር ያዙ። እንዲህ ያለ ክብር ባለሥልጣን እንኳ አያገኝም።

መንገዱን የሚዘጋው የኬላ ገመድ ጋ ስንደርስ ቆምን። ገመዱን ጠባቂው አልለቀው አለ። ትንሽ ቆይቶ ሱፍ የለበሰ፣ ፊቱ ላይ ላብ የወረደ ሰው እየሮጠ መጣ። የአንድ መሥሪያ ቤት አስተባባሪ ነኝ አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ እንግዳ ማረፊያ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ይፈሳል። ይኸው የጥናት ቡድን ዛሬ ማምሻውን የሚያርፈው ደግሞ እዚያ ነው!

ያረጀ ፍሳሽ ሊያጠኑ የሚመጡ ሰዎች ያረጀ ፍሳሽ እንዳያዩ ርብርብ ተይዟል ማለት ነው። እኔም ረጋ ብዬ፣ መኪናዋ ለአዳሪ ቤቱ ልጆች የመጣች መሆኗን፣ ነገ ቤቱ ሊዘጋ እንደሚችል አስረዳሁት። አዘነልኝ። ከልቡ አዘነ፤ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ መኪናው የመጣው ለዞኑ ነው። ቀይ አፈር ዞኑ ውስጥ አይደለችም እንዴ? ተናብበን ነው መሥራት ያለብን።»

ለመናበብ የሚሆን ጊዜ የለኝም አልኩት። ገመዱ ግን በሱ እጅ ነው። ተሟገትን፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ እንደገና ለመንኩ። ጋሽ ደምሴ በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ እዚህ ቆመን ከመሸብን ልጆቹን ያለ መኪና እናስቀራለን፤ መጥጠንለት ጂንካ ገብተን እንድፋውና ነገ በጠዋት የልጆቹን እንያዘው አሉኝ። ልክ ናቸው መሰለኝ። መጠጥንለት። ጉድጓዱ አያልቅም! እማማ እስከ አንገቷ ሞላች። አስተባባሪው ግቢውን በውሃ አስጥቦ፣ የጉድጓዱ ክዳን ላይ አበባ የተተከለበት ማሰሮ አስቀመጠ። ገመዱ ወረደ።

ወደ ማታ፣ ጂንካ

ጀንበር ሳትጠልቅ ገባን። የአዳሪ ቤቱ ልጆች በር ላይ ወጥተው ስቀው ተቀበሉን። መኪናዋ ሙሉ መሆኗን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሳቁ ቆመ። አይኬ ሻንጣዋን አልፈታችም ነበር።

የት ነው የምንደፋው ብዬ ጉዳዩ ወደሚመለከተው ኃላፊ ቤት ሄድኩ። ከተማችን መድፊያ ቦታ የላትም። የላትም ማለት እንኳ አይቻልም፤ አቅጣጫ ተቀምጦበታል፣ ቦታ መረጣው በጥናት ላይ ነው። ስንት ዓመት በጥናት ላይ እንደሆነ እኔም እሱም ረስተነዋል። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነሪ ወንዝ ጫፍ ወርደን፣ ሰው ሳያይ ብንደፋው የሚጠይቀን የለም አለ።

ነሪ ሽቅብ አይፈስም። ከታች ያሉ ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከሱ ነው። የማሳድጋቸውን ልጆች ሽንት ቤት ለማትረፍ የሌላውን ልጆች ይኼን ላጠጣ?  ደህና እደር ብዬው ወጣሁ።

ጋሽ ደምሴ እማማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ባዶ የሆነ ጉድጓድ በአቅራቢያው እንዳለ ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው፤ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ዛሬ ከሰዓት ራሳችን ነን ያጎደልነው። ጋሽ ደምሴ ከድንጋዩ ተነሡ።

«ቲቸር፣ በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት» አሉ። «መልሼ ያስገባሁበት ቀን ግን የለም።»

ዓርብ፣ ማለዳ፣ ቀይ አፈር እንደገና

ገመድ ጠባቂው እማማን ሲያይ ገመዱን ሳንጠይቀው ጣለው። ከትናንት ጀምሮ ባለውለታ ነን። በቀጥታ ወደ ማረፊያው ግቢ ገባን። የጥናት ቡድኑ በረንዳው ላይ እንቁላል እየበላ ነው። የአበባውን ማሰሮ አንሥቼ በጥንቃቄ ዳር አስቀመጥኩት፤ አበባው ምን አጠፋ። ጋሽ ደምሴ ቱቦውን ከተው ፓምፑን እንዲተፋ ገለበጡት።

መጀመሪያ የተነሣው ሽታው ነው። ቀጥሎ አስተባባሪው፣ በነጠላ ጫማ። የቡድኑ መሪ ወፍራም መነጽር ያደረገች ኢንጂነር ናት፤ ሹካዋን እንደያዘች ወረደችና ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«የሰው አደራ እየመለስን ነው» አልኳት። ከዚያ ከወይጦው ስልክ ጀምሮ እስከ ነሪ ወንዝ ድረስ ያለውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አስተባባሪው መሐል እየገባ ቅንጅት፣ በሂደት ላይ፣ የግንዛቤ ክፍተት ይላል። ኢንጂነሯ አላየችውም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ታያለች።

«ትናንት ማታ ደህና ብዬ የመዘገብኩት ይኼንን ነው?» አለች በመጨረሻ።  እንቁላሉን ማንም አልጨረሰውም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ጂንካ

ቀድመናቸው ገባን። እማማ የአዳሪ ቤቱን ጉድጓድ ስትመጥ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው እንደ ሠርግ ያጨበጭባሉ። ከደርግ ውድቀት ወዲህ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ፤ የጠፋ የፕላስቲክ ጫማ ሳይቀር።

ቡድኑ ሲደርስ ኢንጂነሯ ራሷ በባትሪ ወደ ጉድጓዱ አየች፤ ግድግዳውን በብረት ነካካች። ግድግዳው ዕድሜው ቢገፋም እንዳልተሰነጠቀ፣ ዋናው ችግሩ አለመመጠጡ እንደነበር ተናገረች። ቤቱ አይዘጋም፤ በየጊዜው ይመጠጥ። ይህን ለማወቅ ስንት ሄልሜት ተመላልሷል! አይኬ ሰምታ ዞረች። ሻንጣዋን ጎትታ ወደ መኝታ ክፍል ገባች፤ ልብሶቿን አንድ በአንድ ስታወጣ በመስኮት አየኋትና አለቀስኩ። ሽታው ነው ብዬ ዋሸሁ።

አሁን ግን እማማ እንደገና ሙሉ ናት፤ መድፊያውም እንደገና በጥናት ላይ ነው። ኃላፊውን ልጠይቅ ብሄድ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ስለዚህ ጋሽ ደምሴን ከነእማማ ወደ ኃላፊው ጽሕፈት ቤት ግቢ ወሰድኳቸው። የመንግሥት ታርጋ ስላላት ዘበኛው በሩን ከፈተ። የስብሰባ አዳራሹ መስኮት ሥር ጥላ አለ፤ እዚያ አቆምናት። ውሳኔው እስኪመጣ እንጠብቃለን ብለን ቁልፉን ይዘን ወጣን።

ሰኞ፣ ጂንካ

ቅዳሜና እሑድ ፀሐይዋ እማማን አልማረቻትም። ሰኞ ጠዋት የስብሰባው ሰዎች መስኮት ከፍተው ዘጉ፣ ዘግተው ከፈቱ። ከምሳ በፊት መድፊያ ቦታ ተገኘ። ከከተማው ራቅ ያለ፣ ከወንዝም ከቤትም የማይገናኝ፣ ጥሩ ቦታ ነው። ሁሉም ያውቀው ኖሯል። ኃላፊው ከፍተኛ ርብርብ መደረጉን ሲናገር መሐረቡን ከአፍንጫው አላነሣም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ባዶዋን ወደ አርባ ምንጭ ስትነሣ ልጆቹ በር ድረስ ሸኟት። ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አስነሥተው በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ቲቸር፣ ሌላ በጥናት ላይ ያለ ጉዳይ ካለዎት ይደውሉልኝ። መጥቼ አቆማለሁ።»

ማታ የቤታችንን ቧንቧ ከፈትኩት። ትንሽ አጉረመረመና ዝገት የበዛበት፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ተፋልኝ። የከተማው አሮጌ የውሃ መስመር ቅያሬ አቅጣጫ ተቀምጦበታል፤ በጥናት ላይ ነው። የጋሽ ደምሴን ስልክ ይዣለሁ።