እንቢ የሚልልኝ ኮምፒዩተር

መርሳ ውስጥ አንዲት ሴት በከፈተችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጣቶቼ ግን ፊደሉን ለምደውታል። ያልለመድኩት ደንበኛን እንቢ ማለት ነው።

አሠሪዬ በየወሩ የሚካኤል ዕለት ማኅበር ስላላት ከስድስት ሰዓት በኋላ ሥራ አይሠራም። እኔ ግን ሰው ከመጣ አፍሬ ስጽፍ እውላለሁ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ኮምፒዩተሩ ስድስት ሰዓት ላይ ራሱን እንዲዘጋ ታዘዋለች።

«ያንቺ አፍ እንቢ አይልም፤ እሱ ይበልልሽ» ትለኛለች። አንዴ ከተዘጋ የመክፈቻ ቃሉን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

አንድ የሚካኤል ዕለት ከሲሪንቃ በኩል የመጡ ሽማግሌ ባለ ሦስት ገጽ አቤቱታ ይዘው ገቡ። ጎረቤታቸው የመስኖ ውሃ ዘግቶባቸዋል። ወረቀቱን ከምሳ በፊት ለወረዳው ካላስገቡ ቀጠሯቸው ያልፋል። እንቢ አላልኩም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ እጄ ቆመ። አሠሪዬ ዛሬ አዛው ይሆን ወይስ ረስታው? ስልኳ ዝግ ነው።

«ምነው ልጄ?»

«ኮምፒዩተሩ አሁን ሳይዘጋ አይቀርም፣ አባባ።»

«ታዲያ ራሱን ኮምፒዩተሩን ጠይቂው!»

አጠያየቁ ግን ያስቃል። አሠሪዬ ያሳየችኝ ብቸኛ መንገድ ስክሪኑ ላይ በምትከፈት ትንሽ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ውስጥ «ተው፣ አትዘጋ» የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ነው። ሐሳቡ ካልነበረው «መች ልዘጋ አልኩ?» ይላል፤ ከነበረው ይተወዋል። ዱላ ያላነሳን ሰው እንደ መገላገል ነው። ታዝዞ ከሆነ ደግሞ የአሠሪዬን ቃል መሻሬ ነው። ፊቴ ጋለ።

«ምን ያሳፍርሻል? ማሽን እኮ ነው፣ አማትሽ አይደለም!» አሉኝ።

ጻፍኩት። መዘጋቱ ተሰርዟል የሚል መልስ ብቅ አለ።

«ምን አለሽ?»

«ሊዘጋ ነበር። ተው ስለው ተወ።»

«ከሰው ይሻላል! ያንን ጎረቤቴን ስንት ጊዜ ተው ብየው መች ተወ!»

እየሳቅኩ ጨርሼ አተምኩላቸው። ወረቀቱ ገና ትኩስ እንደሆነ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ አሠሪዬ ደወለች። «ተዘጋ?»

«አልተዘጋም።»

«እንዴ! ለምን?»

«እኔ ነኝ የከለከልኩት» አልኩና የሽማግሌውን ጉዳይ ነገርኳት።

ወዲያው ጠየቀችኝ፦ «ደረሱ?»

«ባጃጅ ይዘዋል፤ ይደርሳሉ።»

«እንግዲያው በእጅሽ ዝጊውና ነይ፣ ጸበል ጻዲቁ ሳያልቅ።»