ሁለት ንጉሥ ይዞ መፍራት

ዛሬ ፖከር ስንጫወት ሁለት ንጉሥ ይዤ ካርታዬን ጥዬ ከጨዋታው ወጣሁ።

እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት፣ ከፋብሪካው ለሀፍሳቃ (ለእረፍት) ስንወጣ ሻይ እየጠጣን እንጫወታለን። የምንወራረደው በሱፍ ፍሬ ነው።

መጀመሪያ ላይ በድፍረት ጨመርኩ። ለሁላችንም የሚያገለግሉት ሦስት ካርታዎች መሃል ላይ ሲገለጡ ግን አንዱ አስ ሆነ፤ አስ ደግሞ ንጉሥን ይበልጣል። ቀዝቀዝ አልኩ።

ተራው የእኔ ነበር። ግን ታላቅ ሳይናገር ማን ይናገራል? (ፖከርን የፈጠረው ሰው ጎንደር አላደገም።) በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑትን ጋሽ ይርጋን ጠበቅኳቸው።

እሳቸው ሱፋቸውን በሙሉ ወደ መሃል ገፉት። «በቃ አስ ይዘዋል» ብዬ ተውኩት።

«ጋሼ፣ ምን ይዘው ነበር?»

ሦስትና ሰባት አሳዩኝ። «ሽበቴን ነዋ፣ ልጄ!» አሉና ሱፌን መፈልፈል ጀመሩ።

እናንተስ፣ ሰው አክብራችሁ የተበላችሁበት ቀን የለም?