ያልሞቀው ግንባር

ሕመሙ የጀመረው በትንፋሽ ነው። አባየ ቢቸና ላይ የድጓ መምህር ናቸው፤ ዜማ ሲያደርሱ ትንፋሽ የሚወስዱበትን ቦታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከቃሉ መሀል ቆሙ። ተነፈሱ። ቀጠሉ። እንደገና ቆሙ።

ሳል ነበራቸው፤ ትኩሳት አልነበራቸውም። በእኛ ቤት ደግሞ ሕመም የሚለካው በመዳፍ ነው። ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው ስል እናቴ ግንባራቸውን ዳሰሰች።

«ቀዝቃዛ ነው እኮ! ብርድ መትቷቸው ነው። ምን ታስሮጭናለሽ?» አለችኝ።

ጎረቤትም መጥቶ ዳስሶ ያንኑ አለ። መዳፍ ስንቱን ቤት እንዳታለለ ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል።

ከዚያ ከንፈራቸው ጠቆረ። አክታቸው ዝገት መሰለ። ስሜን ሳቱት። በሚኒባስ ደግፌያቸው ሞጣ ሆስፒታል ገባን። መንገዱን አላስታውሰውም። ትንፋሻቸውን ብቻ አዳምጥ ነበር። ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ።

ኦክስጅን ተደረገላቸው። ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባቸው ግማሹ ነጭ ነበር፤ በባክቴሪያ የመጣ ኒሞኒያ። ሐኪሟ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ክኒን አወጣች። ማኅሌት ቆሞ ማደር የአባየን ጉልበት ጎድቶታል፤ ከገበያ የተገዛችውን ክኒን «ይህች ናት ያቆመችኝ» እያሉ በየቀኑ ይውጧት ነበር። ፕሬድኒሶሎን የምትባል፣ እብጠትና ሕመም የምታስታግስ ስቴሮይድ ነበረች።

«ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያን የሚለዩ ተቀባዮች አሉ፤ ቶል-ላይክ ሪሴፕተር እንላቸዋለን» አለችኝ ሐኪሟ። «ማማ ላይ እንዳለ የሰብል ጠባቂ አስቢያቸው። ዝንጀሮ ሲያዩ ይጮኻሉ፤ መንደሩ ተጠራርቶ ይወጣል። ትኩሳትም የሚመጣው ከዚያ ጩኸት ነው። ይህ ክኒን ጩኸቱን ያፍነዋል። ዝንጀሮው ግን መብላቱን አይተውም።»

ሴፍትሪአክሶን የሚባል ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥራቸው ይሰጣቸው ጀመር፤ ቀስ በቀስም መጀመሪያ ያለ ኦክስጅን መተኛት፣ ከዚያ በትከሻዬ ተደግፈው እስከ በሩ መድረስ ቻሉ፤ አንድ ቀን ደግሞ አጠገባቸው የተኙትን ቄስ ንባብ ማረም ሲጀምሩ እንደሚተርፉ ገባኝ። ትንፋሻቸው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ዛሬ ማኅሌቱን ተቀምጠው ያደምጣሉ፤ ይህ እሳቸውንም እኔንም ያስለቅሰናል።

ሐኪሟንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተም በሽተኛ ያላችሁ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ግንባሩ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። የሚውጠውን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ። ክኒኑንም በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፤ አባየን ሐኪሟ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰች ነው ያስተወቻቸው።

በቀደም እንደገና አሳላቸው። መዳፌን ግንባራቸው ላይ አሳረፍኩ። ይፋጃል።

«ምነው?» አለች እናቴ ደንግጣ።

«ጠባቂው ጮኸ፣ እማየ። ተመስገን!» ብያት ባጃጅ ልጠራ ሮጥኩ።